ቀላሉን ሪቮልቨር ሰባት ዓመት ይዤ ያየሁት

የእኅቴ ልጅ ባለፈው ጥር ከዳላስ ለእረፍት መጥቶ ኮምቦልቻ እናቱ ዘንድ ሰንብቶ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ፒያሳ አጠገብ ወዳለችው የቡናና የቅመማ ቅመም ሱቄ መጣና፣ ደንበኞቼ እስኪወጡ በትዕግሥት ቆይቶ፣ «ጋሼ፣ ስመለስ ሽጉጥ ልገዛ ነው። ጓደኞቼ ‹ለጀማሪ የሚሆነው ቀላሉ የፖሊመር ሪቮልቨር ነው፤ አይነክስም፣ ኪስ ውስጥም አይታወቅም› ይሉኛል። አንቱ ይዘውት ስለነበር ምን ይሉኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። ሪቮልቨር ማለት ጥይቶቹን በሚሽከረከር ከበሮ የሚይዝ ሽጉጥ ነው፤ ፖሊመር የሚባለው ደግሞ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ይህን ጥያቄ በየአሜሪካ ከተማው ያሉ ብዙ የእኛ ልጆች እንደሚጠይቁት፣ መልሱንም ብዙ ጊዜ ከማያውቅ ሰው እንደሚያገኙት ስለማውቅ፣ ያን ዕለት የነገርኩትንና ያሳየሁትን ከነምክንያቱ ልጽፈው ወሰንኩ።

እኔ ለ11 ዓመት የኖርኩት ዳላስ አካባቢ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሠራሁት በአንድ የነዳጅ ማደያ ሱቅ በሌሊት ፈረቃ ነው። የሱቁ ባለቤት መሣሪያ እንድይዝ በጽሑፍ ፈቅዶልኝ፣ የቴክሳስን የፈቃድ ትምህርትና የተኩስ ፈተና አልፌ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ፈቃድ ካለው ነጋዴ አንድ አጭር ባለ ፖሊመር ሪቮልቨር ገዛሁ፤ በ2023 ለመመለስ ስነሣም ፈቃድ ላለው ነጋዴ ሸጬው መጣሁ። በእነዚያ ዓመታት በሰው ላይ አንድ ቀንም አልተኮስኩበትም፣ ለዚህም ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ፤ በልምምድ ሜዳ ግን ከ2,000 በላይ ጥይት ተኩሼበታለሁ። ስለዚህ የምናገረው ከሱቅ መስኮት አይቼ ሳይሆን በእጄ ይዤ ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ሕጉ ጥቂት ልበል። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ መሠረት በዲቪ የሄደ ቋሚ ነዋሪ የማጣሪያ ምርመራውን አልፎ መግዛት ይችላል፤ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር የተከለከለ ነው፣ ይህን ሳያውቁ ችግር ውስጥ መግባት የትዳርና የልጆችን ኑሮ ያናጋል። ቴክሳስ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 ጀምሮ ብቁ የሆኑ አዋቂዎች ያለ ፈቃድ ወረቀት ሽጉጥ እንዲይዙ ብትፈቅድም፣ እኔ ትምህርቱን ያልወሰደ ሰው እንዲይዝ አልመክርም፣ የግዛቶቹ ሕግም አንዱ ከሌላው እጅግ ይለያያል። እዚህ በአገራችን ደግሞ ነገሩ የሚመራው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሲሆን፣ ያለ ፈቃድ ማስገባትም መያዝም ወንጀል ነው፤ ከሻንጣ ጋር ይዞ ለመምጣት የሚያስብ ካለ ከአሁኑ ይተወው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ያዩትን ከሩቅ ሆኜ በስልክ የሰማሁ ሰው በመሆኔ፣ ስለ መሣሪያ የምጽፈው ለማወደስ ሳይሆን የሚይዘው ሰው አውቆት እንዲይዘው ነው።

አባቴ በፈቃድ የሚይዘው አሮጌ ምንሽር ነበረው፤ መሣሪያ ጥሩ መሆኑን የሚለካውም በክብደቱ ነበር። እኔም ያንን ይዤ አድጌ ዳላስ የመጀመሪያውን ባለ ፖሊመር ሪቮልቨር ነጋዴው መዳፌ ላይ ሲያስቀምጥልኝ፣ የልጅ መጫወቻ የሰጠኝ መስሎኝ ነበር። ይህ ስሜት የብዙ ሰው ስለሆነ ስለ አሠራሩ ላብራራ። «የፕላስቲክ ሽጉጥ» ቢባልም ከፕላስቲክ የተሠራው ሁሉም ነገር አይደለም። ሪቮልቨር ሲተኮስ የባሩዱን ግፊት የሚሸከሙት ጥይቶቹን የሚይዘው ተሽከርካሪ ከበሮ፣ አፈሙዙ እና ሁለቱን አቅፎ የሚይዘው የላይኛው አካል ናቸው፤ እነዚህ ዛሬም ብረት ወይም ጠንካራ የአሉሚኒየም ቅይጥ ናቸው። ፖሊመር የሚሆነው የታችኛው ክፍል ነው፣ ይኸውም ቃታውና ውስጣዊ መሣሪያዎቹ የተቀመጡበት ቤትና እጀታው የሚሰካበት ክፍል ነው። ሩገር የተባለው የአሜሪካ መሣሪያ አምራች ኤል ሲ አር የሚባለውን ሪቮልቨር እ.ኤ.አ. በ2009 ይዞ ሲወጣ ይህን አሠራር በሰፊው አስተዋወቀ፤ በቀጣዩ ዓመት፣ በ2010፣ ሌላው አምራች ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ቦዲጋርድ 38ን የሌዘር ማነጣጠሪያ ጭምር ገጥሞ አመጣ። ፖሊመር በሽጉጥ ላይ ከዚያ በፊትም አዲስ አልነበረም፤ የጀርመኑ ቪፒ 70 በ1970፣ ግሎክ 17 ደግሞ በ1982 ተጠቅመውበታል። ሪቮልቨር የዘገየው የላይኛው አካሉ ግፊቱን በቀጥታ ስለሚሸከምና በፖሊመር ሊተካ ስለማይችል ነው። ይህንን ለእኅቴ ልጅ ያስረዳሁት «ይሰነጠቃል» የሚለውን ፍርሃቱን ለማስወገድ ነው፤ በሰባት ዓመት ውስጥ በእኔ መሣሪያ ፖሊመሩ አንድ ጭረት ከማብዛት በቀር ምንም አልሆነም።

ከዚያ ወደ ክብደቱ ገባን። «ጋሼ፣ ከብረቱ ጋር ሦስት መቶ ግራም ልዩነት ምን ያህል ነገር ነው?» አለኝ። በሚዛኔ ላይ በአንድ ከረጢት 380 ግራም፣ በሌላው 740 ግራም የተቆላ ቡና መዘንኩና ሰጠሁት። የመጀመሪያው .38 ስፔሻል የሚባለውን የጥይት ዓይነት የሚተኩሰው የኤል ሲ አር ሞዴል ክብደት ነው ማለት ይቻላል፣ እሱ 383 ግራም ይመዝናልና፤ ሁለተኛው ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሠራ እንደ ኤስ ፒ 101 ያለ አጭር ሪቮልቨር የሚያህለው ነው። ከባዱን ከረጢት በጃኬቱ የቀኝ ኪስ ከትቶ ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር ደርሶ እንዲመለስ፣ ከዚያም ቀላሉን ይዞ እንዲደግመው ነገርኩት። ሲመለስ ጃኬቱ በአንድ ጎን ወርዶ፣ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ ከረጢቱን ደግፎ ነበር የመጣው። በቀላሉ ሲደግመው ግን እጁን እያወዛወዘ መጣ። የቀላል ሪቮልቨር ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ የሌሊቱን 10 ሰዓት ፈረቃ ቆሞ፣ ዕቃ አንሥቶ፣ ጎንበስ ቀና ብሎ የሚሠራ ሰው የሚከብድ መሣሪያ ቢኖረው ከሁለት ሳምንት በኋላ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ይጀምራል፣ መሳቢያ ውስጥ ያለ መሣሪያ ደግሞ ለባለቤቱ ሳይሆን ለከፈተው ሰው ነው። እኔ ቀላሉን ይዤ ሰባት ዓመት ሙሉ ከላዬ ሳላወጣው ሠርቻለሁ፤ በብረቱ ይህን ማድረግ አልችልም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሆኖም ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ። ፖሊመሩ ከአሉሚኒየሙ የሚቀለው በጣም በጥቂቱ ነው። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን 642 ሞዴል አካሉ አሉሚኒየም ሆኖ 410 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከኤል ሲ አር ጋር ያለው ልዩነት ከሁለት ጥይት ክብደት አይበልጥም። ቦዲጋርድ 38 ራሱ 405 ግራም ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ የሚታወቀው የብረት ሞዴል 36 እንኳ 550 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ፖሊመርን የሚመርጥ ሰው ለክብደቱ ብሎ ብቻ ከመረጠ ተሳስቷል፤ እውነተኛው ጥቅም እጀታው ላይ ነው። በድሮዎቹ ላይ የብረቱ ወይም የአሉሚኒየሙ ጀርባ እስከ እጀታው መጨረሻ ወርዶ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል ያለውን ሥጋ በቀጥታ ይመታል። በፖሊመሮቹ ላይ፣ በተለይ በኤል ሲ አር፣ የታችኛው ክፍል አጭር ችካል ብቻ ስለሆነ ወፍራም ለስላሳ ጎማ ከጀርባው ሆኖ መዳፍን ይጠብቃል፣ እጀታውንም ለእጅ መጠን በሚስማማ መለወጥ ይቻላል። የአንድ የሥራ ባልደረባዬን የአሉሚኒየም ሪቮልቨር በአንድ ቀን ከእኔው ጋር አፈራርቄ በተመሳሳይ ጥይት ተኩሼ ነበር፤ ክብደታቸው ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ የእርሱ መዳፌን አቀላው፣ የእኔ አላቀላውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ እዚህ ላይ ያለፈው ስህተቴ ዛሬም ይቆጨኛል። ባዶ ጀሪካንን በእግር ብትመቱት አስፋልቱን ተሻግሮ ይሄዳል፤ በውኃ የተሞላውን ብትመቱት ግን ፈቀቅ ብሎ ይቆማል። ሽጉጥም እንዲሁ ነው። ጥይቱ ወደ ፊት ሲወጣ መሣሪያው በእኩል ግፊት ወደ ኋላ ይመታል፣ መሣሪያው በቀለለ ቁጥር ወደ ኋላ የሚሄድበት ፍጥነት ይጨምራል። ተመሳሳይ ጥይት ተተኩሶ የመሣሪያው ክብደት በግማሽ ቢቀንስ የርግጫው ኃይል እጥፍ ይሆናል፤ ይህ ከሥነ ፍጥረት ሕግ የሚመጣ ስለሆነ ምንም የእጀታ ጎማ አያስቀረውም፣ ጎማው የሚያደርገው ምቱን ማለስለስ ብቻ ነው። እኔ ይህን ሳላስብ፣ በሁለተኛው ዓመት ባለቤቴም መተኮስ እንድትማር ፈልጌ፣ «ትንሽና ቀላል ስለሆነ ለአንቺ የሚስማማው ይኼ ነው» ብዬ የራሴን ሪቮልቨር በጠንካራ ጥይት ሞልቼ ሰጠኋት። ከአምስቱ ሁለቱን ተኮሰች። ሦስተኛውን ከመተኮሷ በፊት ዓይኗን ስትጨፍን ከጎኗ ቆሜ አየሁ፣ ቀስ ብላም ሪቮልቨሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አውራ ጣቷን በሌላ እጇ ያዘች። ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ልምምድ ሜዳ ደጃፍ አልረገጠችም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሰው ከመጀመሪያው ምቱን መፍራት ከተማረ፣ ቃታ በሳበ ቁጥር አፈሙዙን ወደ ታች መጫን ይለምዳል፣ ይህን ልማድ ለማስተው ከማስተማሩ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። በኋላ ተከራይቼ በሰጠኋት ባለ .22 (ትንሽና ርግጫው ቀላል የሆነ ጥይት) ከባድ ሪቮልቨር እንደ አዲስ ጀምራ በደስታ ተለማመደች። «ቀላሉ ለሴትና ለጀማሪ ነው» የሚለውን ምክር ከማንም ብትሰሙ አትቀበሉት፤ ቀላሉ ሪቮልቨር መተኮስን አስቀድሞ የተማረ ሰው መሣሪያ ነው።

ቃታውም ከክብደቱ ጋር የተያያዘ ችግር አለው። አብዛኞቹ አጫጭር ባለ ፖሊመር ሪቮልቨሮች መምቻቸው (ጥይቱን መትቶ የሚያስነሣው ክፍል) በውስጥ የተሸፈነ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ቃታ ሲሳብ ከበሮውን ያዞራል፣ መምቻውን ወደ ኋላ ይወስዳል፣ መልሶም ይለቀዋል። ይህን ሁሉ ሥራ የሚሠራው ጣት ስለሆነ ለመሳብ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም የሚደርስ ኃይል ይጠይቃል። ሱቄ ውስጥ በርበሬ የምመዝንበት ተንጠልጣይ የስፕሪንግ ሚዛን አለኝ፤ የእኅቴ ልጅ መንጠቆውን በጠቋሚ ጣቱ እየሳበ 4 ኪሎ ተኩል ላይ እንዲያደርሰው፣ በዚያው እጅ መዳፉ ውስጥ ግን የ380 ግራሙን የቡና ከረጢት ሳያንቀሳቅስ እንዲይዝ ነገርኩት። ከረጢቱ ተንቀጠቀጠ፣ አፉም ወደ ግራ ዞረ። ሚዛኑ ያሳየው የመሣሪያውን ክብደት ከአሥር ጊዜ በላይ የሚበልጥ ኃይል በአንድ ጣት መሳብ እንዳለበት ነው፤ መሣሪያው ከባድ ቢሆን ራሱ ክብደቱ ያረጋጋው ነበር፣ ቀላሉ ግን የጣትን ስህተት ሁሉ ይከተላል። ደጉ ነገር፣ በእነዚህ አዳዲስ ስሪቶች ውስጥ ያለው የቃታ አሠራር፣ በተለይ ኤል ሲ አር መፋተግን እንዲቀንስ የተቀረጸ ክፍል ስላለው፣ ከብዙ አሮጌ ትናንሽ ሪቮልቨሮች ይልቅ እኩል ሆኖ ይሳባል፤ መጨረሻው ላይ ድንገት አይከብድም። ረጅሙ ስበት ራሱ እንደ መከላከያ የሚያገለግል መሆኑም አይዘነጋ፤ አብዛኞቹ የእጅ መቆለፊያ የላቸውም፣ ሳይታሰብ እንዳይተኮስ የሚጠብቃቸው ይህ ረጅምና ከባድ ቃታ ነው።

የዚህ መድኃኒቱ ያለ ጥይት መለማመድ ነው። እኔ ጥይቶቹን በሌላ ክፍል ቆልፌ፣ ከበሮውን ከፍቼ በዓይኔም በጣቴም ባዶነቱን ሁለት ጊዜ አረጋግጬ፣ የልምምድ ሐሰተኛ ጥይት ከትቼ፣ ወፍራም የግንብ ግድግዳ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፌ፣ በየምሽቱ 20 ጊዜ ያህል ቃታ እስብ ነበር። የፊቱ ማነጣጠሪያ ጫፍ ቃታው ሲያልቅ የማይነቃነቅ እስኪሆን ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። ቃታውን ስትለቁ እስከ መጨረሻው ድረስ ልቀቁት፤ በግማሽ ለቅቆ መልሶ የሚስብ ሰው ከበሮው አልዞር ብሎት መሣሪያው የተበላሸ ይመስለዋል። በብዙ ባለ .22 መሣሪያዎች ላይ ደግሞ ባዶውን መተኮስ መርፌውን ወይም ከበሮውን ሊጎዳ ስለሚችል አስቀድማችሁ መመሪያውን አንብቡ።

ከቀላልነቱ የሚመጣና ብዙ ባለቤቶች የማይጠብቁት ሌላ ችግር አለ፤ እኔም የደረሰብኝ በልምምድ ሜዳ ስለሆነ ነው እንጂ በሌላ ቦታ ቢሆን ዋጋ ያስከፍል ነበር። አንድ ጊዜ በርካሽ የገዛሁትን፣ ራሱ ያልተሸፈነ እርሳስ የሆነውን ጥይት ሞልቼ ሦስት ተኮስኩ፤ አራተኛውን ልተኩስ ቃታ ስስብ ቃታው መሐል መንገድ ላይ ቆመ። ከበሮው አልዞርም አለ። አፈሙዙን ወደ ተኩስ አቅጣጫ እንደያዝኩ ቆየሁና የሜዳው ኃላፊ መጣ፤ ከብዙ ትግል በኋላ ከበሮው ሲከፈት ገና ካልተተኮሱት ጥይቶች አንዱ እርሳሱ ከቀለሁ (ባሩዱን ከያዘው የናስ ቤት) ወደ ፊት ሸርተት ብሎ፣ ከከበሮው ፊት የጥፍር ውፍረት ያህል ወጥቶ አየን። ምክንያቱ እንደ መጥረቢያ ራስ ነው፤ የላላ መጥረቢያ እጀታው በኃይልና በድንገት ወደ ኋላ ሲሳብ ራሱ እንደሚላቀቅ ሁሉ፣ ቀላል ሪቮልቨር በእያንዳንዱ ተኩስ በኃይል ወደ ኋላ ሲወረወር ቀለሁ አብሮት ይሄዳል፣ በደንብ ያልተጣበቀው እርሳስ ግን ባለበት ለመቆየት ይሞክራል። በከባድ ሪቮልቨር ላይ ምቱ ለስላሳ ስለሆነ ይህ እምብዛም አይታይም። ስለዚህ ለመከላከያ የምትመርጡትን ጥይት ከመያዛችሁ በፊት ፈትኑት፤ አምስቱን ሙሉ፣ አራቱን ተኩሱ፣ አምስተኛውን አውጥታችሁ ካልተነካ ጥይት ጎን አቁማችሁ ቁመታቸውን አስተያዩ። አምስተኛውን መልሳችሁ ከትታችሁ ከሌሎች አራት ጋር እንደገና ሞክሩ። ቁመቱ ከጨመረ ያንን ጥይት ለዚያ መሣሪያ አትጠቀሙበት። በእኔ ልምድ እርሳሳቸው በመዳብ የተሸፈኑና የቀለሁ አፍ በደንብ የተጨመቀባቸው ጥይቶች አልተንሸራተቱም።

የ.357 ማግነም ጉዳይም በዚሁ አያይዤ ልጨርሰው። እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣው ይህ ጥይት በከበሮው ውስጥ የሚፈጥረው ግፊት ከ.38 ስፔሻሉ እጥፍ ያህል ስለሆነ ሩገር ለዚህ ሞዴሉ የላይኛውን አካል ከአሉሚኒየም ወደ ብረት ለውጦታል፣ ክብደቱም ወደ 485 ግራም ከፍ ብሏል። «ከፍ ያለ ኃይል ይሻላል» የሚል ሰው ሲያማክረኝ ግን አንድ ጊዜ ተከራይቶ እንዲተኩሰው እነግረዋለሁ። 5 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ አፈሙዝ ውስጥ የባሩዱ ብዙ ክፍል ከአፈሙዙ ውጭ ስለሚቃጠል፣ የምታገኙት ከፍተኛ ብልጭታ፣ ጆሮ የሚበጥስ ድምፅና ሁለተኛውን ጥይት የሚያዘገይ ርግጫ ነው። እኔ ያንን መሣሪያ ተከራይቼ አምስት ጥይት ተኩሼ በቅቶኛል። በባለ .38 መሣሪያ ላይ ለልምምድ እርሳሱ ብቻ ከ9 እስከ 10 ግራም የሚመዝነውን ጠፍጣፋ ራስ ቀስ የሚል ጥይት፣ ለመያዝ ደግሞ በዚያው መሣሪያ የፈተናችሁትን መካከለኛ ግፊት ያለው ጥይት መምረጡ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

ከበሮው አምስት ጥይት ብቻ መያዙ ሌላው ጉድለት ነው፤ የኤል ሲ አር ባለ .22ቱ ስምንት ይይዛል፣ እሱ ግን ለልምምድ እንጂ ለሌላ አልመርጠውም፣ በጠርዙ የሚመታ ጥይት ከመሐሉ ከሚመታው ይልቅ ብዙ ጊዜ ስለሚከሽፍ ነው። አዲስ ጥይት መሙላትም ይዘገያል። አፈሙዙ አጭር ስለሆነ ቀለሆቹን ገፍቶ የሚያወጣው ዘንግም አጭር ነው፣ ሙሉ በሙሉ አያስወጣቸውም፤ አፈሙዙን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ በመዳፍ በኃይልና በአንድ ምት መግፋት ያስፈልጋል፣ ቀስ ብሎ የገፋ ሰው አንድ ቀለህ ከማውጫው ሥር ገብቶ ይነክስበታል። ካዝና ባለው ሽጉጥ የለመደ ሰው ይህን ሳይለማመድ መያዝ የለበትም።

አውራ ጣታችሁን ከከበሮው ፊት አታስቀድሙ። በከበሮውና በአፈሙዙ መካከል ካለው ቀጭን ክፍተት ሲተኮስ ትኩስ ጋዝና ቅንጣት ወደ ጎን ይወጣል፣ መሣሪያው አጭር ስለሆነ ደግሞ እጅ ሳይታወቀው ወደ ፊት ይሄዳል። የግራ አውራ ጣቴ ጫፍ ላይ ያለችው ጥቁር ነጠብጣብ ከመጀመሪያው ወር የቀረችኝ ናት።

ስለ ኪስ አያያዝ ያስተዋልኩት ቢኖር፣ ፖሊመሩ ላብን አይፈራም። የቴክሳስ በጋ ከኮምቦልቻው ሙቀት ይብሳል፤ የባልደረባዬ የብረት ሪቮልቨር በአንድ ወቅት ከሰውነቱ ጋር በሚነካበት ጎን ቡናማ ዝገት ሲያበቅል የእኔ ፖሊመር ምንም አልሆነም። ነገር ግን ብሎኖቹና ከበሮው ብረት ስለሆኑ እነሱን መጥረግና በጥቂቱ ዘይት መቀባት የግድ ነው። ያለ ማኅደር፣ ማለትም ያለ ሽጉጥ ማስገቢያ፣ ኪስ ውስጥ ከቶ አታስገቡት። ማኅደሩ ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ መሆን አለበት፣ በዚያ ኪስ ውስጥም ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ ማስቲካ ምንም አይገባም። እኔ በየእሑዱ ከበሮውን ከፍቼ የኪስ ብናኝ ከማውጫው ሥርና ከመምቻው ዙሪያ በጥርስ ብሩሽ እጠርግ ነበር፤ አንድ ሳምንት ብዘነጋ ግራጫ ጥጥ የመሰለ ነገር ሞልቶት አገኘዋለሁ።

ቤት ውስጥ ልጅ ላለው ሰው ይህ የሁሉ መጀመሪያ ነው። ትንሽና ቀላል መሆኑ ለእኔ የሚመቸኝን ያህል ለስድስት ዓመት ልጄ እጅም የሚመች ነበር፤ የቃታው ክብደት ለልጅ አንድ ጣት ከባድ ቢሆንም፣ ልጅ በሁለት እጁ በሁለት አውራ ጣት መሳብ ይችላል። ስለዚህ ከሥራ እንደገባሁ መጀመሪያ የማደርገው፣ ጫማዬን ከማውለቄ በፊት፣ በቁጥር የሚከፈት የብረት ሣጥን ውስጥ መቆለፍ ነበር። በአሜሪካ ነጋዴው ሽጉጥ ሲሸጥ መቆለፊያ አብሮ እንዲሰጥ ሕጉ ያስገድዳል፤ ያንን ከሳጥኑ ሳያወጡ የሚጥሉ ብዙ ናቸው፣ እኔ ግን ሣጥኑን እስክገዛ ድረስ በየቀኑ ተጠቅሜበታለሁ።

የእኅቴ ልጅ ያን ቀን ምሽት ከእኛ ዘንድ አድሮ ብዙ ጠየቀኝ። የነገርኩት እንዲህ ነው፤ ሲመለስ ከመግዛቱ በፊት ልምምድ ሜዳ ሄዶ ሁለቱን ይከራይ፤ ከብረቱ 25፣ ከቀላሉ 25 ጥይት በ7 ሜትር ርቀት ይተኩስ፤ ሁለቱን ዒላማ ወረቀት ጎን ለጎን ሰቅሎ ራሱ ይፍረድ። ቀላሉን እስከ መጨረሻው እንዳይገዛ አልከለከልኩትም፤ የሌሊት ፈረቃ ምን እንደሆነ እኔው አውቀዋለሁና።

በሚያዝያ ደወለልኝ። በቀላሉ የተኮሰው በወረቀቱ ሁሉ ተበትኖ፣ ከሃያኛው በኋላም እጁ ስለደከመ አምስቱን ሳይተኩስ መልሷል። ያገለገለ የብረት ሪቮልቨር ገዛ፣ ከባድ ስለሆነም ኪሱን ትቶ ወፍራም የቆዳ ቀበቶና የወገብ ማኅደር አብሮ ወሰደ፤ ቀላሉን በሚቀጥለው ዓመት እንደሚያስብበት ነገረኝ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የዒላማውን ፎቶ ላከልኝ። ከአምስቱ አራቱ ከቡና ሲኒ ማስቀመጫ በማይሰፋ ክብ ውስጥ ነበሩ፣ አምስተኛው ግን ወደ ታችና ወደ ግራ ወርዶ ነበር። «ጋሼ፣ ይኼኛው ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ከሥሩ ጽፎበታል። «ቃታው ሊያልቅ ሲል መላ እጅህን ጨብጠኸዋል፤ ጠቋሚ ጣትህ ብቻውን ይሥራ፣ ሌሎቹ ከመጀመሪያው እንደያዙ ይቆዩ። ዛሬ ማታ በባዶው 20 ጊዜ ሳብና ነገ ንገረኝ» ብዬ መለስኩለት።